ከጉበት ንቅለ ተከላ በኋላ፦ ካንሰርና የሰውነት መከላከያ

በ1967 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ ዶክተር ቶማስ ስታርዝል ጉበቷ በካንሰር ለተያዘባት የአንድ ዓመት ከሰባት ወር ሕፃን የሌላ ሰው ጉበት ተከሉላት። ከዚያ ቀደም ሲል፣ ከ1963 ጀምሮ፣ ጉበት የተተከለላቸው ሕሙማን ብዙ ሳይቆዩ ሞተዋል። ይህች ሕፃን ግን ከአንድ ዓመት በላይ ኖረች፤ የጉበት ንቅለ ተከላ ይቻላል የተባለውም በእሷ ነው። በመጨረሻ ሕይወቷ ያለፈው ካንሰሩ ተመልሶ በሰውነቷ ስለተሰራጨ ነበር። የመስኩ የመጀመሪያ ስኬትና የመስኩ ትልቅ ፈተና በአንዲት ሕፃን ገላ ላይ ተገናኝተዋል።

ፈተናው ምን እንደሆነ ለመረዳት ከሰውነት መከላከያ መነሳት ግድ ነው። ሰውነታችን ባዕድ የሆነን ነገር ለይቶ የሚያጠቃው በነጭ የደም ሴሎች ነው። ከእነዚህ መካከል ቲ ሴል የሚባሉት የተተከለውን ጉበት «ይህ የእኔ አይደለም» ብለው ይዘምቱበታል። ስለዚህ ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው መከላከያውን የሚያዳክም መድኃኒት ይወስዳል፤ አብዛኛው ታካሚ ዕድሜ ልኩን። ችግሩ እነዚሁ ቲ ሴሎች የካንሰርን ሴልም የሚያጠቁ መሆናቸው ነው። ጉበቱን እንዲተዉ ስናደርጋቸው ካንሰሩንም ይተዉታል።

ይህ ሐሳብ ዛሬ ግልጽ ቢመስልም ሳይንቲስቶችን ለአሥርት ዓመታት አከራክሯል። አውስትራሊያዊው ማክፋርሌን በርኔትና አሜሪካዊው ሉዊስ ቶማስ የሰውነት መከላከያ ካንሰርን ገና በጠዋቱ እየለቀመ ያጠፋል የሚለውን ሐሳብ ያቀረቡት በ1950ዎቹ ነው። በ1974 ግን ቲ ሴሎች የሚበስሉበት ታይመስ የሚባለው ዕጢ በሌላቸው አይጦች ላይ የተደረገ ሙከራ በካንሰር መጠን ልዩነት አላሳየም፤ ሐሳቡም ለረጅም ጊዜ ተቀዛቀዘ። እነዚያ አይጦች ሙሉ በሙሉ መከላከያ የሌላቸው እንዳልነበሩ የታወቀው በኋላ ነው። በ2001 የተመራማሪው ሮበርት ሽራይበር ቡድን ቲ ሴልም ሆነ ቢ ሴል የተባለው ሌላው ነጭ ሴል የሌላቸውን አይጦች ተጠቅሞ ካንሰር እንደሚበዛባቸው አሳየ። ከዚያም የካንሰርና የመከላከያ ትግል ሦስት ምዕራፍ እንዳለው ተገለጸ። በመጀመሪያው መከላከያው ካንሰሩን ያጠፋዋል፤ በሁለተኛው ተፋጠው ይቆያሉ፤ በሦስተኛው ካንሰሩ ያመልጣል። ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው ላይ የሚያሰጋው ሁለተኛው ምዕራፍ በመድኃኒት ምክንያት ወደ ሦስተኛው መገፋቱ ነው።

ለዚህ አስደንጋጭ ማስረጃ የተገኘው ከስኮትላንድ ነው። አንዲት ሴት ሜላኖማ በተባለ የቆዳ ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ዳነች ተባለ። 16 ዓመት ቆይታ በሌላ ምክንያት ስትሞት ኩላሊቶቿ ለሁለት ሰዎች ተሰጡ፤ ሁለቱንም ሜላኖማ ያዛቸው። በ2003 የታተመው ይህ ታሪክ የሚነግረን የካንሰሩ ሴሎች በለጋሿ ገላ ውስጥ ለዓመታት ተደብቀው እንደነበር፣ መከላከያዋም አግቷቸው እንደኖረ ነው። መከላከያው በመድኃኒት ወደተዳከመ ገላ ሲሻገሩ እገታው ተነሳላቸው።

ስለ መድኃኒቶቹ ጥቂት ልበል። በ1983 በአሜሪካ የተፈቀደው ሳይክሎስፖሪን ከአፈር ፈንገስ የተገኘ ነው። በ1984 በጃፓን ጹኩባ አፈር ውስጥ ከነበረ ባክቴሪያ የተገኘው ታክሮሊመስ ደግሞ ዛሬ የጉበት ንቅለ ተከላ ዋና መድኃኒት ሆኗል። ሁለቱም ካልሲኒውሪን የተባለውን ኢንዛይም ገተው ቲ ሴል የሚባዛበትን መልእክት ያቋርጣሉ። ያለ እነሱ ጉበት ተክሎ ብዙ ሰውን ለዓመታት ማኖር አዳጋች ነበር። ነገር ግን በ1999 የወጣ ጥናት ሳይክሎስፖሪን መከላከያ በሌላቸው አይጦች ላይ እንኳ ካንሰር እንዲስፋፋ እንደሚያደርግ አሳየ፤ ማለትም መድኃኒቱ መከላከያውን ከማዳከሙ ሌላ ራሱን የካንሰሩን ሴል ይገፋፋዋል። ከዚያ በኋላ በአውሮፓ የተደረጉ ጥናቶች ከንቅለ ተከላው ማግስት የእነዚህ መድኃኒቶች መጠን በደም ውስጥ ከፍ ብሎ የቆየባቸው የጉበት ካንሰር ታካሚዎች በሽታው በብዛት እንደሚመለስባቸው ጠቁመዋል።

ሌላው መድኃኒት ሲሮሊመስ ነው። በ1964 ራፓ ኑይ ከተባለችው የፓስፊክ ደሴት ከመጣ አፈር የተገኘ ሲሆን የሴልን እድገት የሚያዝዘውን መስመር ይዘጋል። ስለዚህ ጉበቱንም ይጠብቃል፣ ካንሰሩንም ይገታል ተብሎ ብዙ ተስፋ ተጣለበት። 525 ታካሚዎች የተሳተፉበት ሲልቨር የተባለው ሙከራ ውጤቱን በ2016 ሲያወጣ ጥቅሙ በመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ አምስት ዓመታት ታይቶ ከዚያ ወዲያ እንደማይዘልቅ ተረጋገጠ።

ከንቅለ ተከላ በኋላ የሚመጣ ካንሰር ሁሉ የቀድሞው አይደለም። በ2011 የታተመና ከ175 ሺህ በላይ የአካል ንቅለ ተከላዎችን የቃኘ የአሜሪካ ጥናት የእነዚህ ሰዎች በካንሰር የመያዝ ዕድል ከሌላው ሕዝብ በእጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ጎልተው የሚታዩት በቫይረስ የሚመጡት ናቸው። ኤፕስታይን ባር የተባለው ቫይረስ በአብዛኞቻችን ሰውነት ውስጥ ያለ ጉዳት ተኝቶ ይኖራል፤ ጠባቂው ሲዳከም የሊምፍ ካንሰር ይቀሰቅሳል። በአፍሪካ በስፋት የሚገኘው ኤችኤችቪ 8 የተባለ ቫይረስ ደግሞ ካፖሲ ሳርኮማ የተባለውን ካንሰር ያመጣል። በ1984 ስታርዝልና ባልደረቦቻቸው መከላከያ አዳካሚውን መድኃኒት ሲቀንሱ እንዲህ ያለው የሊምፍ ካንሰር በአንዳንድ ታካሚዎች ላይ መሟሸሹን ዘገቡ። በዚህ መስክ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ ያለ አይመስለኝም፦ መከላከያው ሲመለስ ካንሰሩ ሸሸ።

ወደ ራሱ ወደ ጉበት ካንሰር ስንመለስ፣ መስኩን የለወጠው በ1996 ከሚላን የወጣው ሥራ ነው። ቪንቼንዞ ማዛፌሮና ባልደረቦቹ ካንሰሩ አንድ ሆኖ ከ5 ሴንቲ ሜትር ካልበለጠ፣ ወይም እስከ ሦስት ሆኖ እያንዳንዱ ከ3 ሴንቲ ሜትር ካላለፈ ንቅለ ተከላ እንዲደረግ ወሰኑ። ከ48 ታካሚዎቻቸው ከአራት ዓመት በኋላ 75 በመቶው በሕይወት ነበሩ። ጉበቱ ሲወጣ ካንሰሩ አብሮ ይወጣል፤ አስቀድመው ወደ ደም ያመለጡ ሴሎች ካሉ ግን መከላከያው ተዳክሞ ይጠብቃቸዋል። የዕጢ ልክ የሚለካው የማምለጥን ዕድል ለመገመት ነው። ሴንቲ ሜትር ግን የታካሚው መከላከያ ያንን ካንሰር ምን ያህል እንደሚያውቀው አይነግረንም፤ የዚህ መስፈርት ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የ2018 የኖቤል ሽልማት ለጄምስ አሊሰንና ለታሱኩ ሆንጆ የተሰጠው ቲ ሴልን የሚይዘውን ፍሬን መፍታት እንደሚቻል ስላሳዩ ነው። በዚህ መንገድ የተሠሩት መድኃኒቶች ለጉበት ካንሰርም ውለዋል። ጉበት ለተተከለለት ሰው ግን ፍሬኑ ሲፈታ ቲ ሴሎቹ ካንሰሩንና አዲሱን ጉበት አይለዩም። ታትመው በወጡ ዘገባዎች ከሦስት ታካሚ በአንዱ ገደማ ጉበቱ ጥቃት ደርሶበታል፤ የሞቱም አሉ። ከንቅለ ተከላው በፊት መድኃኒቱን የወሰዱ ሕሙማን ላይ እንኳ ርዝራዡ ጉበቱን ሊያስጠቃ ስለሚችል ሐኪሞች በመሃል ጊዜ ሰጥተው ይጠብቃሉ።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ቲ ሴሎቹ ዒላማቸውን ለይተው እንዲመቱ የማሠልጠኑ ሥራ ነው። በሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ የመጣ ካንሰር ብዙ ጊዜ የቫይረሱን ምልክት ይዞ ይዞራል፤ ከጤነኛ ለጋሽ የመጣው ጉበት ግን ምልክቱ የለውም። በ2015 የታተመ አንድ ሥራ ከታካሚው የራሱን ቲ ሴሎች ወስዶ ይህንን ምልክት እንዲያጠቁ አድርጎ መለሰለት። በደሙ ያለው የቫይረስ ምልክት በእጅጉ ቀነሰ፤ ጉበቱም አልተጎዳም። በሽታው እጅግ ተስፋፍቶ ስለነበር ግን ዕጢዎቹ አልጠፉም። በጃፓን ሂሮሺማ ዩኒቨርሲቲም ኤንኬ የተባሉ ነጭ ሴሎች ከለጋሹ ጉበት ተወስደው ለተቀባዩ እየተሰጡ ተሞክረዋል።

ሄፓታይተስ ቢ ለእኛም ቅርብ ነው። በኢትዮጵያ ክትባቱ በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው በ2007 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለድነው አብዛኞቻችን አልተከተብንም፤ በደም ምርመራ ራስን ማወቅ ተገቢ ነው። ውጭ አገር ሄዶ ጉበት ወይም ኩላሊት የተተከለለት ዘመድ ያለው፣ በ2015 በተጀመረው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ የታከመም ቢሆን፣ እነዚህን መድኃኒቶች በስም ያውቃቸዋል። ይህን አንብቦ «ካንሰር እንዳይዘኝ ልቀንሰው» የሚል ሊኖር ይችላል። እባክዎ፣ አንዲት ክኒን እንኳ በራስዎ አይቀንሱ። የደም መጠኑ ስንት እንደሆነ፣ ዝቅ ማድረግ ይቻል እንደሆነ፣ ለየትኛው ካንሰር በየስንት ጊዜው መመርመር እንዳለብዎ ግን በቀጠሮዎ ቀን ሐኪምዎን ይጠይቁ።