የላንጋኖ ድፍርስ ውሃና የታሰሩት አዮኖች

ከሻሸመኔ ተነስቶ በአርሲ ነገሌ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው በግራው ሻላንና አቢያታን፣ በቀኙ ላንጋኖን እያለፈ ይሄዳል። ሐይቆቹ ጎረቤታሞች ቢሆኑም ውሃቸው ለየቅል ነው። ሻላ መውጫ የለውም፤ የገባው ውሃ ሲተን ጨዉና ሶዳው እዚያው ይቀራል። በዚህም የተነሳ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከዝዋይ ሐይቅ በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል።

ንጹሕ ውሃ ብቻውን ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው እጅግ በጥቂቱ ነው። ሥራውን የሚሠሩት የሟሙት አዮኖች ናቸው፤ በነዚህ ሐይቆች በተለይ ሶዲየም፣ ባይካርቦኔት፣ ካርቦኔትና ክሎራይድ።

ታዲያ አዮን ስለበዛ ብቻ ሁሉም እኩል ይሠራል ማለት አይደለም። ከበሰበሰ ቅጠል የሚወጣው ሁሚክ አሲድም ሆነ በሴሎቻችን ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ቻርጅ የተሸከሙ ትልልቅ ሞለኪውሎች ናቸው። አሜሪካዊው ኬሚስት ጄራልድ ማኒንግ እ.ኤ.አ. በ1969 እንዳሳየው፣ በእንዲህ ያለ ሞለኪውል ሰንሰለት ላይ ያሉት ቻርጆች ከ0.7 ናኖሜትር በታች ሲቀራረቡ ከተቃራኒ አዮኖች ከፊሎቹን ወደራሳቸው ስበው ያስቀራሉ። በዲኤንኤ ላይ ርቀቱ 0.17 ናኖሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሦስት አራተኛ ያህሉ ቻርጁ በተጠጉት የሶዲየም አዮኖች ይጣፋል። እነዚያ አዮኖች በውሃው ውስጥ አሉ፤ ግን እንደ ልባቸው ስለማይንቀሳቀሱ የኤሌክትሪክ መለኪያው ከተጠበቀው ያነሰ ቁጥር ያሳያል።

ጨው ሲጨመር ደግሞ ሌላ ለውጥ ይመጣል። እርስ በርስ እየተገፋፋ ተዘርግቶ የነበረው ሰንሰለት ይኮማተራል፤ ምክንያቱም በዙሪያው የተሰበሰቡት አዮኖች ግፊቱን ይጋርዱበታል። ግፊቱ በዝዋይ ውሃ ጥቂት ናኖሜትር ድረስ ሲሰማ፣ በሻላ ግን ከ1 ናኖሜትር በታች ይከስማል።

የላንጋኖ ቡናማ መልክም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ደቃቅ የሸክላ ቅንጣቶቹ ኔጋቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ይገፋፋሉ፣ ቶሎም አይዘቅጡም። በደቡብ ኢትዮጵያ የሚበቅለው የሽፈራው ዛፍ ፍሬ እዚህ ላይ ድንቅ ነገር ያደርጋል፦ ተፈጭቶ ድፍርስ ውሃ ውስጥ ሲገባ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው ፕሮቲኖቹ ቅንጣቶቹ ላይ ይለጠፋሉ፤ መገፋፋቱ ይቀንሳል፣ ጭቃው እየተያያዘ ወደ ታች ይወርዳል።

ውሃው ጠራ ማለት ግን ለመጠጥ ይሆናል ማለት አይደለም። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ብዙዎቹ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ አለባቸው፤ ተራው የኤሌክትሪክ መለኪያ ደግሞ አዮኖቹን በጅምላ እንጂ ለይቶ አያውቃቸውም። የጉድጓድ ውሃ የምትጠጡ ቤተሰቦች ፍሎራይዱን ለብቻው አስመርምሩ።