ጋላቢውና ፈረሱ

ከአሰላ ወደ በቆጂ የሚጓዝ ሰው ጭላሎን በግራው እያየ ብዙም ሳይርቅ ሳጉሬ ይደርሳል። የዲገሉና ጢጆ ወረዳ ከተማ ናት፤ ዙሪያዋ ገብስና ስንዴ፣ ብርዷም አጥንት ድረስ የሚዘልቅ። በዚህ ደጋ ፈረስ ጌጥ አይደለም። እህል ገበያ ያደርሳል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ ለቀብር የሚሄድ ሽማግሌ ይሸከማል። ስለዚህ ለሳጉሬ ሰው ስለ ዛር ሲወራ አንዱን ቃል ማስረዳት አያስፈልግም። መንፈስ የሰፈረበት ሰው በባለዛሮች አነጋገር «ፈረስ» ነው፤ መንፈሱ ደግሞ ጋላቢ። ፈረሱ ይንቀጠቀጣል፣ ያጓራል፣ ይፎክራል። ነገሩ ሲበርድ ምን እንደተናገረ አያስታውስም ይባላል፤ የተናገረው ጋላቢው ነውና።

አገራችን ስለዚህ ጋላቢ ስትከራከር ስድስት መቶ ዓመት ሊሞላት ነው። ሃይማኖት ነው? ባህል ነው? በሽታ ነው? ወይስ የየዋህን ኪስ ማራገፊያ? ንጉሥ ፈርዶበታል፣ ካህንና ሼህ ፈርደውበታል፣ ካድሬ ፈርዶበታል፣ ሐኪምም የበኩሉን ብሏል። ክርክሩ ግን አልተዘጋም። አንዱ ምክንያት፣ ሁሉም የጋላቢውን ማንነት ሲያጣራ ፈረሱን ምን እንዳመጣው የጠየቀው ጥቂት መሆኑ ይመስለኛል።

ጠቡ ከስሙ ይጀምራል። «አያና» የሚል ኦሮሞ የሚናገረው ከዋቃ፣ ከፈጣሪ፣ ስለሚመጣ መንፈስ ነው፤ ቃሉ ቀንንም፣ ዕድልንም፣ በዓልንም ያቅፋል። «ውቃቢ» የሚል አማርኛ ተናጋሪ ስለ ጠባቂ ያወራል። «ዛር» ሲባል ነገሩ ይጠጥራል፤ «ጂኒ» ወይም «አጋንንት» ከተባለ ደግሞ ፍርዱ ተሰጥቶ አልቋል። በኦሮሞ ዘንድ «ቃሉ» የተከበረ ሃይማኖታዊ ማዕረግ ነው። ያው ስም ወደ አማርኛ ተሻግሮ «ቃልቻ» ሲሆን ስድብ ሆነ። ደግሞ አናምንም የምንለውም ብንሆን ከቃላቱ አላመለጥንም። ሰው ሳንወድ «ውቃቢዬ አልወደደውም» እንላለን፣ የተዋረደው «ቆሌው ተገፈፈ»፣ አለቃ ሲቆጣ «ዛሩ ተነሣበት»። እንዲህ የሚናገር ሕዝብ መንፈሱን ከቤቱ ቢያስወጣው እንኳ ከአፉ አላስወጣውም።

ባለዛሮች ስለ ጋላቢዎቻቸው አመጣጥ የሚያወሩት ታሪክ ከሁሉም ክርክር በፊት መሰማት አለበት። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት። ፈጣሪ ሊያያቸው ሲመጣ፣ ዓይን እንዳይገባባቸው ፈርታ ቆንጆ ቆንጆዎቹን አሥራ አምስቱን ደበቀች። ፈጣሪም የደበቅሻቸው እንደተደበቁ ይቅሩ አለ። የታዩት እኛ ሆንን፤ የተደበቁት ዛሮች። በዚህ ትረካ ዛር ዲያብሎስ አይደለም፣ የተገፋ ወንድም ነው። የዛር ቤት አሠራርም ከዚሁ ይመነጫል። በጠበል ቦታና በጸሎት ቤት መንፈሱ «ውጣ» ይባላል። በዛር ቤት ግን ወንድም አይባረርም፣ ይባበላል። ቡና ይፈላል፣ እጣን ይጨሳል፣ ጫት ይቀርባል፣ ሽቶ ይረጫል። ታማሚዋ ጉሪ ትመታለች፤ ያ ራስን እያሽከረከሩ የሚደረግ ውዝዋዜ ማለት ነው። በመጨረሻ ጋላቢው ስሙን ይናገራል። አገር አለው፣ ማዕረግ አለው፣ ሃይማኖት አለው፤ ክርስቲያንም እስላምም ዛር አለ። የሚፈልገውንም ያዛል፦ ይህን መልክ ያላት ዶሮ፣ ያን ዓይነት ቀሚስ፣ ቀለበት። ግብሩን ካገኘ ከፈረሱ ጋር ዕድሜ ልክ ተስማምቶ ይኖራል። ሲወረስም ብዙ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው።

ይህን ከውጭ መጥተው በቅርብ ካዩት አንዱ ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ ነው። ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ካቋረጠው የጥናት ቡድን ጋር በ1924 ዓ.ም. ክረምት ጎንደር ገብቶ፣ መልካም አያሁ በተባለች ስመ ጥር ባለዛር ቤት ወራት አሳለፈ። ኋላ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ጥናቱ ነገሩን ከቴአትር ጋር አስተያየው፤ ማታለል ነው ለማለት ሳይሆን፣ ተዋናዩ ራሱ የሚያምነው፣ ሰው ማንነቱን እንደ ልብስ የሚቀያይርበት ኑሮ ነው ለማለት። ብሪታንያዊው አይ. ኤም. ሉዊስ በበኩሉ ሌላ ነገር አየ። በቤቷ መናገር የተከለከለች ሴት በመንፈሱ አፍ ባሏን ትጠይቃለች አለ፤ ቀሚሱን የጠየቀው ዛሩ እንጂ እሷ አይደለችማ። ብልህ ትንታኔ ነው። አርሲ ላይ ሲደርስ ግን ይንገዳገዳል።

የአርሲ ሴት ለመቆጣት ጋላቢ አያስፈልጋትም። ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ሲንቄ የተባለች ቀጭን በትር አለች። በተለይ አራስ ሳለች ባሏ ከመታት እሪ ትላለች፤ የሰማች ሴት ሁሉ ሥራዋን ጥላ ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች። እየዘመሩ በሰልፍ ይሄዳሉ። ሽማግሌ ገብቶ፣ ጥፋተኛው ይቅርታ ጠይቆ፣ ከብት ታርዶ ነው የሚመለሱት። ካልሆነ መንደሩን ለወንዶቹ ጥለው ይሰደዳሉ። ጎሳና ጎሳ ሲዋጋ ሲንቄ ይዘው መሐል ከቆሙ ማንም አልፏቸው አይወረውርም። አቴቴ የሚባለው የሴቶች ሥርዓትም፣ ለዝናብም ለልጅም የሚለመንበት፣ በዚያችው በትር ይካሄዳል። እዚህ የምትናገረው ራሷ ሴትዮዋ ናት፤ በዋቃ ስም፣ ግን በገዛ አፏ። ሰልፉና መንፈሱ ሁለት መንገዶች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም።

ሌላም በትር አለ። በአርሲ መንገዶች በወቅቱ የሚያልፍ ሰው ጫፏ እንደ ባላ የተከፈለ ዘንግ የያዙ መንገደኞችን ያያል። ጋሪባ ይባላሉ። ወደ ባሌ፣ አናጂና ወደሚገኘው ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚሄዱ ናቸው። ባህሮ የተባለውን የውዳሴ ዜማ እያዜሙ በእግር ይጓዛሉ፤ በየደረሱበት ሰው ያበላቸዋል፣ ያሳድራቸዋል። ሼክ ሁሴን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በዚያ አገር እስልምናን ያስተማሩ ወሊይ ናቸው። የመቃብራቸው ጉዞ ግን ከዚያ የቆየ ልማድም ለብሷል። ኦሮሞዎች ጂላ የተባሉ ተጓዦችን ወደ ሃይማኖታዊ አባታቸው ወደ አባ ሙዳ እየላኩ ይመረቁና ይቀቡ ነበር። በ1870ዎቹ በራስ ዳርጌ ዘመቻ አርሲ ከተያዘ በኋላ፣ ክፍለ ዘመኑ ሊያልቅ ሲል አፄ ምኒልክ ያን ጉዞ ከለከሉ፤ ከየአገሩ ሕዝብ የሚያገናኝ ሰልፍ ለመንግሥት አይመችምና። መንገዱ ቢዘጋም እግሩ አልቆመም። የአርሲ ሰው በብዛት ወደ እስልምና የገባውም በዚያው ዘመን ነው።

ሞሚና የተባለችው ባለመንፈስ ሴት የተነሣችው ከዚህ ሁሉ መናወጥ በኋላ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ከሰሜን፣ ከወሎ በኩል እንደመጣች ይነገራል። ወደ አዋሽ በሚያዘነብለው የአርሲ ምሥራቅ ፈረቃሳ ላይ ደጇን ከፈተች፤ «የአርሲዋ እመቤት» የሚለው ስም ከዚያ ተነሥቶ አዲስ አበባ ጓዳ ድረስ ገባ። እስላሙ ሲቲ ሞሚና ይላታል፣ ክርስቲያኑ እመቤት። ከሞተች በኋላም ቤቱ በዘሮቿ እጅ ቀጥሎ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ከየአቅጣጫው ሰው ይጎርፋል። ልጅ ያጣ ይሳላል፤ ያገኘ ስለቱን ያገባል። ከበሮ ይመታል፣ መንፈስ ያለበት ይወርድበታል፤ አንዱ በአላህ፣ አንዱ በማርያም፣ አንዱ በዋቃ ስም እየለመነ። ወራሪና ተወራሪ፣ ሰፋሪና ባለአገር ጎን ለጎን መቀመጥ በከበዳቸው ምድር ላይ፣ ሁለቱንም ከአንድ ደጅ ያስቀመጠች የሌላ አገር ሴት ነበረች። የታሪክ መጻሕፍታችን ለዚህ አንድ ምዕራፍ ቢሰጡ አይበዛም።

ወደ ፍርዶቹ ልመለስ። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደስክና ዲኖ የሚባሉ መናፍስትን ያመልካሉ የተባሉትን ሁሉ አሳደዱ፤ የገዛ ልጆቻቸውን ሳይቀር እንደቀጡ ዜና መዋዕላቸው ይናገራል። ሕዝቡ ዲያብሎስን መካዱን በገላው ጽፎ እንዲታይም አዘዙ። ደርግ ቋንቋውን ቀየረ፤ አጋንንት የነበረው «አድኃሪ ልማድ» ሆነ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትን ሲያረጋግጥ ቃሉዎች አደባባይ ወጡ። ያው ነፃነት ግን ተቃዋሚዎቻቸውንም አበረታ። የጴንጤቆስጤ አብያተ ክርስቲያናት በየከተማው መንፈስ ያስወጣሉ። በባሌና በአርሲ የሰለፊያ አስተማሪዎች የወሊይ መቃብር መጎብኘት ሽርክ፣ በአላህ ላይ ማጋራት፣ ነው ብለው አስተማሩ፤ ቴርዬ ኡስተቦ የተባለው ኖርዌጂያዊ ተመራማሪ ይህን የባሌ ክርክር መጽሐፍ አድርጎ ጽፎታል። ጋሪባ አሳድሮ የማያውቅ ቤት አልነበረም በተባለበት አገር፣ ዛሬ ዘንጉን አይቶ በሩን የሚዘጋ የልጅ ልጅ አለ።

ሕጉስ? በ1996 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀል ሕግ መንፈስ እጠራለሁ፣ ዕጣ እገልጣለሁ እያሉ የሰውን የዋህነት ለጥቅም ማዋልን በደንብ መተላለፍ ይቀጣል። ሕጉ መንፈሱ አለ ወይስ የለም አይልም፤ የሚጠይቀው ገንዘቡን ነው። ሥራ ላይ የዋለው ደግሞ ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው፤ ልደታ፣ በየሰፈሩ ዛፍ ሥር ንፍሮ የሚቀቀልበት፣ አድባር የሚለመንበት ቀን። አርቃቂዎቹ አስበውበት አይመስለኝም።

በሽታ ነው የሚለው ወገን ሊናቅ አይገባም። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው መዝገብ ዛርን ከአንዳንድ ባህሎች ጋር ከተያያዙ ሁኔታዎች ተርታ በስሙ አስፍሮታል። ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ዛራቸውን ይዘው ስለገቡ፣ የዚያ አገር ሐኪሞችም ስለ እነሱ ጽፈዋል። ይሁንና ሐኪም ቤት ያለው ምርመራና የዛር ቤት ያለው ድርድር አንድ ጥያቄ አይመልሱም። የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ መድኃኒት ከልክሎ ከበሮ ሥር ማስተኛት በደል ነው፤ በዚህ ላይ ወላውዬ አላውቅም። ከባሏ ቤተሰብ ጋር ተጣልታ እንቅልፍ ያጣችው ሴት ግን፣ ክኒን ካገኘችም በኋላ የሚሰማት ሸንጎ ትፈልጋለች።

የዚህ ጉዳይ ሥር ያለውም እዚሁ ላይ ነው። የኦሮሞ ቃሉዎችን ያጠኑት ካርል ኤሪክ ክኑትሰንና ኸርበርት ሉዊስ፣ የሸዋውን አያና ያጠናችው አሊስ ሞርተን፣ በየገልማው፣ በየቃሉው የሥርዓት ቤት፣ ያገኙት ከመንቀጥቀጡ ይልቅ ክስና መልስ ነበር። የተሰረቀ በሬ፣ የተካደ ብድር፣ የተገፋ ድንበር። ተከሳሹ በአያናው ፊት ለመዋሸት ይፈራል፤ ቀጠሮው አጭር ነው፤ ፍርዱ በገዛ ቋንቋው ይነገረዋል። ጠበቃ መግዣ የሌለው ሰው ከቦ የሚጠብቀው ዳኛ እንጂ ተአምር ብቻ አይደለም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር የሚመስለው ካለ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ይመልከት። በታይዋንና በደቡብ ቻይና ታንግኪ የሚባሉ ሰዎች አምላክ ሲወርድባቸው በሰይፍ ጀርባቸውን እየመቱ ይናገራሉ፤ ንግግሩን አጠገባቸው የቆመ አስተርጓሚ ለጠያቂው ያስረዳል። የባሕር ተጓዦች ጠባቂ የሆነችው የማዙ ምስልም በየዓመቱ በጨረቃ አቆጣጠራቸው በሦስተኛው ወር ከዳጅያ ቤተ መቅደስ በወሳንሳ ወጥታ፣ ዘጠኝ ቀንና ስምንት ሌሊት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛለች። ሕዝቡ በመንገዷ ላይ ተደፍቶ ወሳንሳዋ በላዩ እንዲያልፍ ያደርጋል። በዚያም የቻይና መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1928 የትኛው አምላክ ይቆይ፣ የትኛው ይፍረስ የሚል መመሪያ አውጥቶ ነበር። ዛሬም ቤጂንግ በይፋ የምታውቃቸው ሃይማኖቶች አምስት ናቸው፤ ይህ የሕዝብ እምነት ከአምስቱ ውስጥ የለም። መውጫው የተገኘው በሌላ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የማዙ እምነትና ልማድ በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። አጉል እምነት የነበረው ቅርስ ሆነ፤ ሰልፈኛው ያው፣ ወሳንሳውም ያው።

እኛም በዚያ በር እያለፍን ነው። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. ተመዘገበ። ድሬ ሼክ ሁሴን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በዓለም ቅርስ ጊዜያዊ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ሰልፍና ሥርዓት ለመዝገብ ይመቻሉ፤ ፎቶ ይነሣሉ፣ ቀን አላቸው፣ ጎብኚ ይስባሉ። በሌሊት የሚንቀጠቀጥ ሰው አይመችም። ፈረቃሳ በዚያ መዝገብ ላይ የለም፤ ተጓዡ ግን ዘንድሮም ስለቱን ቋጥሮ ወደዚያ ይሳፈራል።