‹‹ዋስ ሁኑለት››

ስልኩ የተደወለው መስቀል ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። የደወለው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነበር፤ ጋሼ እለዋለሁ። ባለቤቴ የማንኪራ ልጅ ነው። ማንኪራን ለማታውቁ፣ ከቦንጋ ከተማ ወጣ ብላ ያለች፣ የከፋ ሰዎች ‹‹የቡና እናት ዛፍ እኛ ዘንድ ነው›› እያሉ እንግዳ የሚወስዱባት ጫካማ ቀበሌ ናት። ጋሼ የምሥራች ነበረው። ልጁ ለአብራሪነት ሥልጠና ተፈትኖ አልፏል። እኔም ባለቤቴም እልል አልን። እልልታው ሳያልቅ ቀጠለና፣ ‹‹ዋስ ያስፈልገዋል፤ ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው አምጣ ተብሏል። ከእናንተ ሌላ ማን አለን? ዋስ ሁኑለት›› አለን።

ባለቤቴ እዚያው ስልኩ ላይ ‹‹እሺ›› ሊል ሲል እጁን ያዝኩት። ክፉ ሆኜ አይደለም። ከዓመታት በፊት ለአንድ ዘመዴ ዋስ ሆኜ፣ ልጁ ውሉን አፍርሶ ሲጠፋ ሁለት ዓመት ሙሉ ከደመወዜ እየተቆረጠ ከፍያለሁ። የቤት ኪራይ ከፍዬ፣ የልጆቼን ትምህርት ቤት ከፍዬ፣ የሰው ዕዳ ከፍዬ። ስለዚህ ‹‹ወረቀቱን ሳናነብ አንፈርምም፤ ለበዓሉ ስንመጣ እናየዋለን›› አልኩ። ጋሼ ቅር እንዳለው ከድምፁ አወቅሁ።

ከመሄዳችን በፊት ጎረቤታችንን ጠየቅሁ። ጡረታ የወጡ ካፒቴን ናቸው። ግማሹን የሥራ ዘመናቸውን አገር ቤት፣ የቀረውን በባሕረ ሰላጤው አገር በርረዋል። የአሠሪዎቻቸውን ስም እዚህ አላነሣም። የጠየቅኋቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እነዚህ ልጆች ከሠለጠኑ በኋላ ለምን ይጠፋሉ?

‹‹ጎናቸው የተቀመጠው ሰው የሚከፈለውን ስለሚያዩ ነዋ›› አሉኝ።

እንዲህ ነው ነገሩ። አንድ ወጣት ከባዶ ተነሥቶ ረዳት አብራሪ ለመሆን ሁለት ዓመት ገደማ ይበቃዋል። ካፒቴን ለመሆን ግን ብዙ ሺህ ሰዓት መብረር አለበት፤ ያ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። አየር መንገድ በአንድ ጊዜ ብዙ አውሮፕላን ሲገዛ እነዚያን ዓመታት መጠበቅ አይችልም። የበሰለ ካፒቴን ከዓለም ገበያ ይቀጥራል። የዓለም ገበያ ዋጋ ደግሞ በዶላር ነው። የውጭው ሰው ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ይፈርማል፤ ብዙ ጊዜ መካከል ላይ አስቀጣሪ ድርጅት አለ፤ ጥቂት ሳምንታት ሠርቶ ጥቂት ሳምንታት ቤቱ የሚሄድበት ውልም አለ። አገሬው በብር ይከፈለዋል። ሁለቱ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ማዕበል ውስጥ፣ አንድ አውሮፕላን ያሳርፋሉ።

ልዩነቱ ድሮም ነበር፤ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ባሰ። አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ የነበረው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ደመወዙ በዶላር የሆነ ሰው ምንም ሳይሠራ በብር ሲመነዘር እጥፍ ሊሆንለት ነው። በብር የሚከፈለው ገበያ ወጥቶ ዘይት ሲገዛ ያውቀዋል፤ እኛም እናውቀዋለን።

‹‹ታዲያ ልክ ነው?›› አልኳቸው።

ካፒቴኑ ጥቂት አሰቡ። ‹‹ምክንያት አለው። ልክ ነው ግን አልልሽም›› አሉኝ። ቀጥለው የነገሩኝን ግን አስቤው አላውቅም ነበር። የውጭ ቅጥረኛ ጡረታ የለውም፤ የዕድገት መሰላልም የለውም፤ ክፉ ቀን ሲመጣ መጀመሪያ የሚሸኘው እሱ ነው። በ2012 ኮሮና ሲገባ ኤሚሬትስንና ኳታር ኤርዌይስን የመሰሉ ግዙፍ አየር መንገዶች አብራሪዎቻቸውን አሰናብተዋል። ባሕረ ሰላጤ ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ከሥራው ጋር የተያያዘ ነው፤ ሥራው ሲሄድ ፈቃዱም ይሄዳል። ልጆችን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ዕቃ ጠቅልሎ መመለስ ነው። ‹‹ግብር የለም፣ ቤት ይሰጡሃል፣ የልጅ ትምህርት ይከፍሉልሃል፤ እውነት ነው፣ ኖሬበታለሁ። ግን ማታ ስተኛ የእኔ የሚባል ነገር አልነበረኝም›› አሉ።

ይህን ሁሉ ይዤ ወደ ማንኪራ ወረድን። ከአዲስ አበባ ቦንጋ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ ጅማ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በመኪና ሄድን።

አማቴን እማማ ነው የምላቸው። አማርኛ ይችላሉ፤ ሲናደዱ ግን በካፊኖኖ ይወርዱበታል። ቡናው ተፈልቶ፣ ቆጮው ቀርቦ፣ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ወረቀቱን አውጥቼ ማንበብ ስጀምር በካፊኖኖ አንድ ነገር አሉ። ባለቤቴ አልተረጎመልኝም። መተርጎምም አላስፈለገውም።

የካፒቴኑን ነገር ስነግራቸው ግን ዝም ብለው ሰሙኝ። የፈረንጁ ክፍያ ላይ ስደርስ ጋሼ፣ ‹‹ይሄማ የእኛ ቡና ነው›› አለ። ‹‹ቦንጋ ስንሸጠው አንድ ዋጋ፣ ባሕር ሲሻገር ሌላ ዋጋ። ቡናው ግን ያው ነው።›› እኔ ብዙ ደቂቃ የፈጀብኝን እሱ በዚህ ጨረሰው።

እማማ የጠየቁት ሌላ ነበር። ‹‹ድሮስ የሚያበሩት ፈረንጆች አልነበሩም?›› ልክ ናቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ሲቋቋም ከአሜሪካው ቲ ደብሊው ኤ ጋር በተደረገ ውል ነው፤ የመጀመሪያው በረራም መጋቢት 30 ቀን 1938 በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ነበር። አብራሪዎቹም፣ መካኒኮቹም፣ አስተዳዳሪዎቹም አሜሪካውያን ነበሩ። ከመጀመሪያዎቹ የአገር ውስጥ መዳረሻዎች አንዱ ደግሞ ይቺው ጎረቤታችን ጅማ ናት። ኢትዮጵያዊ ካፒቴን አውሮፕላን በኃላፊነት ይዞ ለመብረር ከአሥር ዓመት በላይ ወስዷል፤ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ ናቸው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957። የአብራሪዎች ማሠልጠኛው በ1964 ተከፈተ፤ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ የሆኑት በ1971 ነው። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን የሆነችው ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 2003 ነው፤ ይህን ስናገር የጋሼ ትንሿ ልጅ ከጓዳ ብቅ አለች።

ዛሬ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ልጆች አዲስ አበባ ይሠለጥናሉ። ቶጎ፣ ሎሜ ላይ በተቋቋመው አስካይ ውስጥ የእኛ ካፒቴኖች በርረዋል። እዚያ የውጭ ቅጥረኛ የሚባሉት እነሱ ናቸው። ይህን ስል እማማ ሳቁ፤ ‹‹እኛም ፈረንጅ ሆንን በለኛ!›› አሉ።

ሥራው ራሱ ምን ይመስላል ሲሉኝ፣ በብዙ አገሮች ደንብ አንድ አብራሪ በዓመት ከ900 ወይም ከ1000 ሰዓት በላይ እንዳይበር ይከለከላል አልኳቸው። ጋሼ በጣቱ ቆጥሮ፣ ‹‹በሳምንት ሃያ ሰዓት? ይሄ ምኑ ሥራ ነው?›› አለ። የሚቆጠረው ግን አውሮፕላኑ ከቆመበት ተንቀሳቅሶ እስኪቆም ያለው ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ዝግጅት፣ አየሩ እስኪጠራ መጠበቁ፣ በሌሊት ተነሥቶ መሄዱ፣ ቀንና ሌሊት በተምታታበት አገር ሆቴል ውስጥ ዓይን ፈጥጦ ማደሩ አይቆጠርም። በየስድስት ወሩ ሲሙሌተር ውስጥ ገብቶ ሞተር ጠፋብህ፣ እሳት ተነሣብህ እየተባለ ይፈተናል። የጤና ምርመራው በየዓመቱ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ያጥራል። ልብ ወይም ዓይን እምቢ ካለ ፈቃዱ ያበቃል። መስቀልም ሆነ ገና፣ ስሙ በፕሮግራሙ ላይ ካለ ይበርራል።

የልጁ እናት እስካሁን አንድ ቃል አልተናገረችም ነበር። ‹‹የቢሾፍቱውስ?›› አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 የ157 ሰው ሕይወት ያለፈበትን አደጋ ማለቷ ነው። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው ገና የ29 ዓመት ወጣት ነበር፤ ከ8000 ሰዓት በላይ በርሯል። አውሮፕላኑን ወደ ታች የገፋው በተሳሳተ መረጃ የተነሣ አውቶማቲክ ሥርዓት ነበር አልኳት። እውነት ነው፤ እናትን ግን አያጽናናም። ልጁ ተነሥቶ አጠገቧ ሄዶ ተቀመጠ።

ከዚያ ወረቀቱ ላይ ተመለስን። ካፒቴኑ ሦስት ነገር ፈልጊ ብለውኝ ነበር። የግዴታው ዓመት የሚቆጠረው ከሥልጠናው መጀመሪያ ነው ወይስ ከመጨረሻው? ልጁ ግማሹን አገልግሎ ቢወጣ የሚከፈለው ሙሉው ነው ወይስ የቀረው? በጤና ምክንያት መብረር ቢያቅተውስ? የመጀመሪያው ግልጽ ነበር፤ ከመጨረሻው ነው። ሁለተኛው ሁለት ጊዜ አንብቤ ነው የገባኝ፤ ባገለገለ ቁጥር ዕዳው ይቀንሳል። ሦስተኛውን ግን ወረቀቱ ውስጥ አጣሁት። ልጁ በማግሥቱ ደውሎ ጠየቀ፤ በሐኪም ማስረጃ ከሆነ እንደማይጠየቅ ነገሩት። ‹‹በጽሑፍ ይስጡህ›› አልኩት። ከሳምንት በኋላ ሰጡት።

ያን ዕለት ግን አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። ሰው ሁሉ ሲወጣ ከቡናው ሥር ይዤው ሄድኩና፣ ‹‹ዱባይ ቢጠሩህስ?›› አልኩት። ‹‹አልሄድም›› ብሎ ቢምልልኝ ኖሮ አላምነውም ነበር። አቀርቅሮ ቆየና፣ ‹‹እትዬ፣ እሄድ ይሆናል። ግዴታዬን ሳልጨርስ ግን አልሄድም። እናንተን ዕዳ ላይ ጥዬ የት እደርሳለሁ?›› አለኝ።

ማታ ለባለቤቴና ለጋሼ የምፈርመው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው አልኳቸው። ክፉ ቀን ቢመጣ ዕዳው በእኛ ቤት ላይ ብቻ እንዳይወድቅ አራቱ ወንድማማቾች እኩል እንዲካፈሉ በጽሑፍ ይስማሙ። ጋሼ ተቆጣ፤ ‹‹በወንድም መካከል ወረቀት!›› አለ። ያስቆሙት እማማ ናቸው። ‹‹እሷ ከዚህ በፊት ብቻዋን ከፍላለች። ጻፉ›› አሉ፤ በአማርኛ፣ እኔ እንድሰማ። አራቱም ፈረሙ። ሁለት ሽማግሌዎች ምስክር ሆኑ።

ስንመለስ ለካፒቴኑ ብለው አንድ ጣሳ ማርና ቡና አሸከሙን። መኪናው ሊነሣ ሲል እማማ መስኮቱን አንኳኩ። ‹‹ጅማ ድረስ መቼ ነው የሚያበርረው?›› አሉኝ። ቢያንስ ሁለት ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ አልኳቸው።

‹‹እጠብቃለሁ›› አሉ። ‹‹ሌላ ሰው ካበረረው ግን አልሳፈርም።››