ኩልማን የሞተበት ቀን

ሃንስ ጉንተር ኩልማን የሰርጓጅ መርከብ አዛዥ ሆኖ የቆየው ለአራት ወር ከጥቂት ቀናት ነው። ዩ-166ን የተረከበው እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 1942 ነበር። ከፈረንሳዩ የሎሪየን ወደብ ወደ አሜሪካ የተነሳው በጁን አጋማሽ ሲሆን፣ በጁላይ መጨረሻ ድምፁ ጠፋ። በጦር መዛግብት የሰፈረው አሟሟቱ አጭር ነው፦ ኦገስት 1 ቀን በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ከአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን በተጣለ ቦምብ ከነሠራተኞቹ ሰጠመ። አብራሪው ሄንሪ ዋይትና የሬዲዮ ሠራተኛው ጆርጅ ቦግስ ተሸለሙበት፤ ፋይሉም ተዘጋ።

ከስመ ጥሮቹ የጀርመን አዛዦች ጋር ሲተያይ የኩልማን ሥራ የሚያስደንቅ አይደለም። ኦቶ ክሬችመር ከ40 በላይ መርከቦችን ሲያሰጥም፣ ኩልማን ያሰጠመው አራት ነው። የመጀመሪያዋ ካርመን የምትባል የዶሚኒካን ባለ ሸራ ጀልባ ናት፤ ቀጥሎ ኦኔይዳ የተባለ የጭነት መርከብ። ሦስተኛዋ ገርትሩድ ናት፤ 16 ቶን የምትመዝን፣ ሽንኩርት ጭና ወደ ሃቫና የምትሄድ የሞተር ጀልባ። ከ1,100 ቶን በላይ የሚመዝነው ሰርጓጅ አስቁሞ ሠራተኞቿን ካስወረደ በኋላ አሰጠማት። በዚያ ጦርነት አትላንቲክ ላይ ከተፈጸሙት ሁሉ ይህን ያህል ያልተመጣጠነ ፍልሚያ ብዙ የሚገኝ አይመስለኝም። ከዚያ ወደ ሚሲሲፒ ወንዝ አፍ ተሻግሮ ፈንጂ አጠመደ፤ አንድም መርከብ አልነካውም።

አራተኛው ግን ትልቅ ነበር። ጁላይ 30 ቀን ከሰዓት በኋላ ሮበርት ኢ. ሊ የተባለው መንገደኛ ጫኝ መርከብ ወደ ኒው ኦርሊንስ እየተቃረበ ነው። ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎቹ ቀደም ሲል የገቡበት መርከብ በቶርፒዶ ተመትቶባቸው በሕይወት የተረፉ ናቸው። ቶርፒዶው ከሞተሩ ክፍል በስተኋላ መታው፤ መርከቡ በሩብ ሰዓት ገደማ ውስጥ ሰጠመ። ሃያ አምስት ሰዎች ሞቱ።

አጃቢው ፒሲ-566 የተባለ ትንሽ የጥበቃ መርከብ ነበር። አዛዡ ኸርበርት ክላውዲየስ ፔሪስኮፕ ወደታየበት ገሰገሰና ውሃ ውስጥ የሚፈነዱ ቦምቦችን ወረወረ። ጥቂት ቆይቶ ዘይት ተንሳፈፈ። ክላውዲየስም ሰርጓጁን ሳልመታው አልቀረሁም ብሎ ሪፖርት አደረገ።

አለቆቹ አላመኑትም። የፒሲ-566 ሠራተኞች የፀረ ሰርጓጅ ሥልጠና ያልወሰዱ ናቸው፤ ሪፖርቱም አለቆቹን አላሳመናቸውም። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ እነዋይት ከዚያ በስተምዕራብ ርቆ በሚገኝ ቦታ ሰርጓጅ አይተው አንዲት ቦምብ ጣሉ፤ ዘይትም ታየ። በባሕረ ሰላጤው የጠፋው ሰርጓጅ አንድ ብቻ ስለሆነ ለዚህ አውሮፕላን ተመዘገበ። ክላውዲየስ ጀርባውን መታ መታ የሚያደርገው ሲጠብቅ የፀረ ሰርጓጅ ትምህርት ቤት ግባ ተባለ።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ። ዩ-166ን አውሮፕላኑ ቦምብ በጣለበት አካባቢ የፈለጉት ነበሩ፤ አላገኙትም። እ.ኤ.አ. በ1986 ከሚሲሲፒ ወንዝ አፍ በስተደቡብ ምሥራቅ የባሕሩ ወለል በሶናር ሲታይ ሁለት ስብርባሪዎች ተቀራርበው ተገኙ። አንደኛው ሮበርት ኢ. ሊ ነው ተባለ። ሁለተኛው በሌላ ሰርጓጅ ጥቃት የሰጠመው አልኮዋ ፒዩሪታን የተባለ የጭነት መርከብ መሆን አለበት ተብሎ ተገመተ። የሶናሩ ምስል ደብዛዛ ነበር፤ ግምቱን የሞገተም አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2001 ቢፒ እና ሼል በዚያው መስመር የጋዝ ቧንቧ ሊዘረጉ አሰቡ። ሲ ኤንድ ሲ ቴክኖሎጂስ የተባለው የቅኝት ድርጅት ሂዩጊን 3000 የተሰኘውን፣ ያለ ሰው የሚንቀሳቀስ የባሕር ውስጥ መቃኛ ወደ 1,500 ሜትር ጥልቀት ላከው። በዚያ ጥልቀት የውሃው ጫና ከምድር አየር ጫና 150 ጊዜ ይበልጣል፤ ጠላቂ ሰው የሚደርስበት አይደለም። መቃኛው ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ እየተጓዘ የላከው ምስል እንደቀድሞው ደብዛዛ አልነበረም። የድርጅቱ አርኪዮሎጂስቶች ሮበርት ቸርችና ዳንኤል ዋረን ሁለተኛውን ስብርባሪ ሲለኩት ሒሳቡ እምቢ አለ። አልኮዋ ፒዩሪታን 120 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ይህኛው ግን ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ሁለቱ ክፍሎች ተደምረው ወደ 76 ሜትር ይጠጋሉ። የዩ-166 ዓይነት ሰርጓጆች ርዝመትም ከ76 ሜትር ትንሽ ያልፋል።

ሶናር ጥላ ነው፤ ማረጋገጫ አይሆንም። በዚያው ዓመት በሜይ መጨረሻ ካሜራ የተገጠመለት፣ በገመድ የሚመራ ሮቦት ወረደ። በመብራቱ ውስጥ የታየው የሰርጓጅ መርከብ ማማ ነበር፤ የመርከቡ መድፍም እንደቆመ ነው። የፊት ክፍሉ ተቆርጦ 150 ሜትር ያህል ርቆ ወድቋል። ሮበርት ኢ. ሊ ያረፈበት ቦታ ከዚያ ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም።

ታዲያ ዋይት የመታው ማንን ነው? መልሱ ዩ-171 ነው፤ አዛዡ ጉንተር ፕፌፈር። አውሮፕላኑ ቢያጠቃውም ክፉኛ ሳይጎዳ አምልጧል። ነገር ግን ኦክቶበር 9 ቀን ሎሪየን ለመግባት ትንሽ ሲቀረው ፈንጂ ረግጦ ሰጠመ። እንግዲህ ዋይት ሰርጓጅ ማየቱም፣ መምታቱም እውነት ነው፤ የተሳሳተው ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ቁጥር ነው። በእኔ እይታ የባሕር ኃይሉ ሹማምንት ጥፋት ግን ከቁጥር ስህተት ይብሳል። በሥፍራው የነበረውን ሰው ቃል፣ ወንጀለኛ የሚያስመስል ፍርድ ሳይሰጡ ማጣራት ይችሉ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2014 የሮበርት ባላርድ ቡድን ናውቲለስ በተባለ የምርምር መርከብ ሄዶ ፍርስራሹን በዝርዝር ቀረጸ። ጉዳቱ የቱ ላይ እንደደረሰ ሲጠና በተለይ የፊት ክፍሉ ከፒሲ-566 በተወረወረ ቦምብ መመታቱን የሚደግፍ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሚኒስትር ሬይ ማበስ የሌጅን ኦፍ ሜሪት ሜዳሊያ ለክላውዲየስ ሰጡ። እሱ ከሞተ ሠላሳ ሦስት ዓመት አልፎት ስለነበር የተቀበለው ልጁ ነው። ኩልማንና አብረውት የነበሩት ሠራተኞች፣ በጠቅላላ 52 ሰዎች፣ የሰጠሙበት ቀንም በሁለት ቀን ወደኋላ ተመልሶ ጁላይ 30 ሆኖ ተስተካከለ።