ጣራው የሚገለጥ አሮጌ አውቶሞቢል በአቃቂ

የቅንጦት አውቶሞቢል በሌላው አገር ሲያረጅ ይረክሳል፤ በእኛ አገር ግን ዋጋው እንደ ተሰቀለ ይቀራል። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ አዋጅ ከ7 ዓመት በላይ ባገለገለ መኪና ላይ ከ400 በመቶ የሚበልጥ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚን የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ ገዢው ቀድሞ የገባውን ይሻል።

ጣራው የሚገለጠውንማ ቡና ቤት በር ላይ ማቆም ደስ እንደሚያሰኝ እኛም አንክድም። ሆኖም በአቃቂ ክረምት ሸራው ውሃ ይጠጣል፤ ስፌቱም ይበሰብሳል። በበጋ ጣራውን ገልጦ በደብረ ዘይት መንገድ የሚሄድ ወጣት ሹም የከባድ መኪናዎቹን ጢስና አቧራ ለብሶ ቢሮ ይገባል።

የሚብሰው ግን ከእግር በታች ያለው ነው። የብረት ጣራ የሌለው መኪና ጥንካሬው በአብዛኛው በወለሉ ነው፤ ከሸራው የሰረገው ውሃ በምንጣፉ ሥር ተኝቶ ይህንኑ ወለል ይበላዋል። ሊገዛ ያሰበ አንባቢያችን ቀለሙን ከማድነቁ በፊት ምንጣፉን አንሥቶ ይመልከት።