ስጋጃን ከብል ስለ መጠበቅ

በብዙ ቤት ያማረው የሱፍ ስጋጃ ለክብር እንግዳ ተብሎ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። እንግዳው በመጣ ዕለት ሲዘረጋ ግን ብል በልቶት እንደ ወንፊት ሆኖ ይገኛል፤ ብዙ ገንዘብ የወጣበትም ንብረት ከንቱ ይቀራል።

ሱፉን የሚበላው የሚበረው ብል አይደለም፤ ከዕንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል ነው። ይኸውም ትል ጨለማንና ጸጥ ያለ ስፍራን የሚወድ ሲሆን፥ ላብና ምግብ የነካውን ሱፍ አብልጦ ይመርጣል። ስለዚህ ስጋጃ ሳይጸዳና በሚገባ ሳይደርቅ ሊጠቀለል አይገባም። ከተቀመጠም በኋላ በየጊዜው እየተዘረጋ ፊቱም ጀርባውም ሊጠረግ፥ አየርም ሊያገኝ ያስፈልጋል።

አጣጠቡም ጥንቃቄ ይሻል። በረኪና ሱፍን ይበላል፤ የፈላ ውሃም ያኮማትረዋል። የሚበጀው ቀዝቃዛ ውሃና ለዘብ ያለ ሳሙና ነው፤ አስቀድሞም ቀለሙ የሚለቅ እንደ ሆነ ለማወቅ አንዱን ጥግ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ መፈተን ይገባል። ቡና ቢፈስበት በደረቅ ጨርቅ ተጭኖ ማስመጠጥ እንጂ ማሸት ጉዳቱን ያሰፋዋል።

እንደ ምጽዋ ባለ ወበቅ በሚበዛበት የባሕር ጠረፍ ደግሞ የታጠበ ስጋጃ ቶሎ ካልደረቀ ይሻግታል። ስለዚህ ስጋጃውን ለአጣቢ የሚሰጥ ሰው ስለ ዋጋው ከመከራከሩ በፊት፥ ታጥቦ የት እንደሚደርቅ ይጠይቅ።