ታሞክሲፈን መሥራት የሚያቆመው ለምንድን ነው?



ከገበዝ ማርያም፣ ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ገጠር ጡቷ ላይ ዕጢ የወጣባት እናት ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሄዳ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ይዛ የምትመለሰው አንድ ፓኮ ክኒን ነው። ታሞክሲፈን ይባላል። በቀን 20 ሚሊግራም፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ5 ዓመት ይዋጣል። ዋጋው ከሌሎች የካንሰር መድኃኒቶች ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው፤ በሚጠቅማቸው ሴቶች ላይ ግን በዚህ በሽታ የመሞትን አደጋ በሲሶ ያህል ይቀንሳል።

የሚጠቅማቸው እነማንን ነው? ብዙ የጡት ካንሰር ሕዋሳት ኤስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን የሚቀበል ፕሮቲን አላቸው፤ «ተቀባይ» ይሉታል። ተቀባዩን ጓጉንቸር፣ ሆርሞኑን ቁልፍ እንበላቸው። ቁልፉ ሲገባ ሕዋሱ ይባዛል። ታሞክሲፈን ጓጉንቸሩ ውስጥ ገብቶ የሚቀረቀር፣ ግን የማይከፍት ቁልፍ ነው። ጓጉንቸር በሌለው ዕጢ ላይ ፋይዳ የለውም።

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የታከሙ 352 ሴቶችን ዕጢ የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ ከመቶው 65 ያህሉ ተቀባዩ እንዳላቸው አሳይቷል። የአፍሪካውያን ሴቶች ዕጢ በአብዛኛው ተቀባይ የለውም ይባል ስለነበር ይህ ለአገራችን መልካም ዜና ነበር።

ታዲያ ክኒኗን ሳታጓድል በወሰደች ሴት ላይ ሕመሙ ለምን ይመለሳል? ምክንያቱ ብዙ ነው። አንዱ፣ ተቀባዩ የሚሠራበት ኢኤስአር1 የተባለው ጂን በካንሰሩ ሕዋስ ውስጥ መለወጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጡ ጥናቶች እንዳረጋገጡት፣ ከጂኑ አንዲት ፊደል ብቻ ብትለወጥ ተቀባዩ ሆርሞን ሳይነካው ሁልጊዜ ይሠራል። ጓጉንቸሩ ያለ ቁልፍ ተከፍቶ ቀረ ማለት ነው።

ይህ ለውጥ መጀመሪያ በሚወጣው ዕጢ ላይ እምብዛም አይገኝም። የሚበዛው ካንሰሩ በተሠራጨባቸው፣ ይልቁንም ኤስትሮጅን እንዳይመረት የሚያግዱትን አናስትሮዞልንና ሌትሮዞልን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ በወሰዱት ላይ ነው። የቡሬ ገበሬ ይህን ከበቆሎ ማሳው ያውቀዋል፤ ፀረ አረም ተረጭቶ ሳትሞት የቀረችው አረም ዘሯን ትጥላለች፣ ከርሞ ማሳውን የምትሞላው እርሷ ናት።

ቤተሰብ «ለሴት ልጄ ይተላለፍ ይሆን?» ብሎ ይጨነቃል። ይህ ለውጥ የተፈጠረው በዕጢው ውስጥ ብቻ ስለሆነ አይወረስም። በዘር የሚተላለፉት ብራካ የሚባሉት ጂኖች ጉዳይ ሌላ ነው።

ለተለወጠው ተቀባይ በመርፌ የሚሰጥ ፉልቬስትራንት አለ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ደግሞ ኤላሴስትራንት የተባለ ክኒን አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ይህ ለጎጃም ገበሬ ቤተሰብ ገና ሩቅ ነው። ቅርቡ ጥያቄ ከዕጢዋ የተወሰደው ናሙና ለተቀባይ ተመርምሯል ወይ፣ ክኒኑስ ሳይቋረጥ ይደርሳታል ወይ የሚለው ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት፣ ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች የተከታተሏቸው ሴቶች ክትትል ካልነበራቸው ይልቅ መድኃኒታቸውን አዘውትረው ሲወስዱ ታይተዋል።